መካኒክ ብቻውን የማይጨርሰው ብልሽት፦ ከምልክቱ እስከ አምራቹ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያች አጭር ርቀት ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ሜዳ ላይ ተደብቆ የቆየ ብልሽት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው እዚህ ነው። በኮምቦልቻ ጋራዥ በሠራሁባቸው ዓመታት ባለንብረቱ መካኒኩን፣ መካኒኩ ሾፌሩን፣ ሾፌሩም መንገዱን ሲወቅስ ሰምቻለሁ፤ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ግን ስሙ ሳይነሳ ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች የመረጥኩት የእርጅና ብልሽትን ከአሠራር ጉድለት ለመለየት ስለሚረዱ ነው።

ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ የተቃጠለ ሽታም ይሸታል

ይህ በአብዛኛው የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ቁልቁለቱን በከፍተኛ ማርሽ እየወረዱ ፍሬን ብቻ ሲረግጡ ሸራው ይግላል፤ ለዓመታት ሳይቀየር እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይትም ይፈላል። መፍትሄው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ሁሉም ነገር በአግባቡ ተቀይሮ ችግሩ ከተመለሰ፣ በተለይም ያው ሞዴል ባላቸው ሌሎች ሰዎች መኪና ላይ ከታየ፣ የአሠራር ጉድለት መጠርጠር ተገቢ ነው።

ነዳጅ መስጫው ተጭኖ ይቀራል

በክረምት ጭቃውን ለመከላከል ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ የሚደርቡ ሰዎች አሉ፤ የላይኛው ወደ ፊት ተንሸራትቶ ፔዳሉን ይይዘዋል። ፔዳሉ ራሱ በአሠራሩ ምክንያት የሚያጣብቅበት ጊዜም አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በሁለቱም ምክንያቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለጥገና ጠርቷል፤ ስለ ጉድለቱ ለደንበኞች ያልተሟላ መረጃ በመስጠቱም በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህ በጉዞ ላይ ቢያጋጥም ፍሬኑን ሳይለቁ አጥብቆ መርገጥና ማርሹን ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን መንቀል መሪውን ሊቆልፈው ስለሚችል አደገኛ ነው።

ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፣ መሪውም ይከብዳል

መጀመሪያ የነዳጅ መስመሩና ባትሪው ይታያሉ። ደህና ከሆኑ የቁልፍ ማስነሻውን ይመርምሩ። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪና የጠራው በዚህ ክፍል ጉድለት ነው፤ ቁልፉ በትንሽ ንዝረት ወይም በከባድ የቁልፍ ዘለላ ክብደት ከቦታው ሲንሸራተት ሞተሩ ይጠፋ ነበር፣ የአየር ከረጢቱም (ኤርባጉ) በግጭት ጊዜ ሳይከፈት ይቀር ነበር። ድርጅቱ ራሱ ባቋቋመው የካሳ ሥርዓት 124 ሰዎች በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ታምኗል። እጅግ የሚያሳዝነው መሐንዲሶቹ ችግሩን ከዓመታት በፊት እያወቁት የደኅንነት ሳይሆን የምቾት ጉዳይ አድርገው መያዛቸው ነው። ክፍሉ እስኪለወጥ ድረስ ከመኪናው ቁልፍ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ከዘለላው ማውጣት ይገባል።

ምንም ምልክት የለም

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ወደ ሾፌሩ ሊረጩ ይችላሉ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መብራት አይበራም። ምክንያቱ ከረጢቱን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት ለረጅም ዓመታት እርጥበትና የሙቀት መፈራረቅ ሲያገኘው ባሕርይው መለወጡ ነው። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ማንፊያ (ከረጢቱን የሚነፋው ክፍል) ለቅያሪ ተጠርቷል፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል። ደሴ ብርድ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ መኪናው ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በየትኛው ሞቃት አገር እንደቆየ አናውቅም፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚመላለስም ሙቀቱንና ብርዱን በአንድ ቀን ያፈራርቃል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከቻሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ከሊብሬው ሳይሆን ከመኪናው አካል ላይ አንብበው በአምራቹ የጥገና ጥሪ ማጣሪያ ገጽ ላይ ያስገቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ቁጥራቸው እንደ ሌሎቹ 17 ፊደልና አሃዝ የለውም፤ አጭርና በመሃሉ ሰረዝ ያለበት ስለሆነ አምራቹ ለጃፓን ባዘጋጀው ገጽ ላይ መፈለግ ይኖርበታል። ያገለገለ መኪና ለገዛ ሰው ከፋብሪካ ደብዳቤ ስለማይደርሰው ይህን ሥራ ራሱ ባለንብረቱ መሥራት አለበት። ማንፊያው ፈንጂ ስለያዘ በማንኛውም ሰፈር ጋራዥ እንዳይፈታ አደራ እላለሁ።

አመለከትኩ፣ መልስ ግን የለም

የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ «የአነዳድ ችግር ነው» ወይም «ዋስትናው አልፏል» የሚል ነው። እኔም ለአንድ ደንበኛ ስል የደወልኩለት አስመጪ ይህንኑ ነግሮ ስልኩን ዘግቶብኛል። ነገር ግን የሽያጭ ዋስትና ሌላ፣ የደኅንነት ጉድለት ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ዋስትናው ቢያልፍና መኪናው ባለቤት ቢቀይርም እስከ 15 ዓመት ድረስ አምራቹ በነጻ የመጠገን ግዴታ አለበት።

የቃል አቤቱታ በቀላሉ ይጠፋል። የጽሑፉ እንኳ ሊደበቅ እንደሚችል ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ20 ዓመታት በላይ የደንበኞችን አቤቱታ ከመንግሥት መሸሸጉን ሲያምን ታይቷል። ስለዚህ ደብዳቤዎ የቻሲ ቁጥሩን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሆነውን ነገር በዝርዝር ይያዝ፤ ግልባጩ ላይም የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ። የተፈታውን ዕቃ ለቁራሌው አይስጡት፣ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። ሻጩ እዚሁ አገር ከሆነ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቅሰው ለንግድ ቢሮ ግልባጭ ያስገቡ። ጥገናው ሲከናወንም የጥሪው ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ፤ መኪናውን የሚሸጡለት ሰው ያንኑ ወረቀት ይፈልገዋል።