ከጣና ዳር ኔቡላ ስናይና ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጋመስ የባሕር ዳር ሰማይ ይጠራል። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኤም 27 የሚባለው ፕላኔታዊ ኔቡላ፣ ማለትም በጠፈር ያለ የጋዝ ደመና፣ አናታችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ሳያየው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንዱ ስህተት ስሙን አምኖ ፕላኔት መፈለግ ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ ፕላኔት መስሎ ስለሚታይ ወጣለት እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ሲያረጅ የውጭ አካሉን በጋዝ መልክ ይለቃል፤ መሃል የቀረው ትኩስ እምብርት ጋዙን ያበራዋል።

ትልቁ ስህተት ግን ቀለም መጠበቅ ነው። በፎቶ ያየነው ቀይና አረንጓዴ በዓይን አይመጣም፤ የሚታየው እንደ ጭስ ያለ ግራጫ ነገር ነው። አፍጥጠው ሲያዩት ደግሞ ይጠፋል። ደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ የሚለየው የዓይናችን ክፍል ከመሃል ወጣ ያለው ነውና። የእህቴ ልጅ አንድ ማታ አጎንብሶ ቆየና «ጋሼ፣ ምንም የለም» አለኝ። «እሱን ተወው፣ ጎኑ ያለውን ኮከብ እይ» አልኩት። ትንፋሹን ያዘ። «ውይ! መጣ፣ መጣ!» ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ስልክዎንም ኪስ ውስጥ ይተዉት፤ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ አንዴ ስክሪን ካዩ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ቴሌስኮፑን ውሃው አፍ ላይ መትከልም አያዋጣም። ቦታው ደስ ይላል፣ ግን እርጥበቱ ሌንሱን ቶሎ በጤዛ ይሸፍነዋል። በሸሚዝ ጫፍ እንዳይጠርጉት፣ ይጫራል። ከሐይቁ ራቅ ይበሉ፤ ሌንሱ ፊት ላይም ካርቶን ጠቅልለው እንደ ኮፍያ ያጥልቁለት። ከተማው ከሐይቁ ደቡብ ስለሆነ ወደ ውሃው በኩል ያለው ሰማይ ይጨልማል። ሌላው ፕላኔታዊ ኔቡላ፣ የቀለበት ቅርጽ ያለው ኤም 57፣ ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ቬጋ ከሚባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ነው።

ፎቶ ላይ የሚበዛው ስህተት አንድ ረጅም ፎቶ ማንሳት ነው። ምድር ስለምትዞር በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆዩ ኮከቦቹ ይሳባሉ። ይልቅ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረው የ2 ሰከንድ 300 ፎቶ ያንሱ። በኮምፒውተር ሲደራረቡ የ10 ደቂቃ ብርሃን ይሆናሉ። ፎከሱን በቬጋ ላይ በእጅ ያስተካክሉ፣ ፎቶውን በራው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፣ ጨረቃ የሌለችበትን ማታ ይምረጡ። ሲያስተካክሉ ቀዩን ብቻ አያጋንኑ። አረንጓዴ ሰማያዊው ከኦክስጅን የመጣ ነው፣ ይተዉለት።