ጀርመን ውስጥ ብስክሌት ለምትጀምሩ፦ መንገድን ከመኪና ጋር ስለመጋራት

ጀርመን አዲስ የገቡ ወገኖቻችን ስለ ብስክሌት ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ «መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ነው። አያስፈልገውም። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች ይህን መልስ ከሰሙ በኋላ ቀሪውን ለመስማት ትዕግሥት የላቸውም፤ መንጃ ፈቃድ የማይጠየቅበት ነገር ሕግም የሌለው ይመስላቸውና በማግስቱ በእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከትራፊኩ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው ሲበሩ ይታያሉ። በጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ ብስክሌት ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ የተሽከርካሪ መብት አለው፤ የተሽከርካሪ ግዴታም አለበት።

በመጀመሪያ የት እንደምትነዱ እወቁ። ነጭ ብስክሌት የተሳለበት ክብ ሰማያዊ ምልክት ባለበት ቦታ በዚያ የብስክሌት መንገድ መሄድ ግዴታ ነው። ምልክቱ ከሌለ በመኪናው መንገድ ቀኝ በኩል የመንዳት መብት አላችሁ፤ ከኋላ ያለው አሽከርካሪ ክላክስ ቢያስጮህባችሁም ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእግረኛ መንገድ መንዳት አለበት፣ እስከ አሥር ዓመት ድረስም ይፈቀድለታል፤ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ የሚያጅብ ዕድሜው ቢያንስ 16 ዓመት የሆነ ሰውም አብሮት መንዳት ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለ አዋቂ ሰው ግን መኪና ፈርቶ እግረኛው መካከል ሲገባ ራሱን ከአደጋ ያራቀ ይምሰለው እንጂ፣ ከግቢ የሚወጣ ወይም ወደ ጎን መንገድ የሚታጠፍ አሽከርካሪ በዚያ በኩል በፍጥነት የሚመጣ ነገር አለ ብሎ አያስብም። በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከጎን መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው ዓይኑ ያለው መኪና በሚመጣበት በግራ በኩል ስለሆነ፣ በቀኙ የምትመጡትን እናንተን የሚያያችሁ ከገጫችሁ በኋላ ነው።

የቅድሚያ ሕጉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ምልክትም መብራትም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ ያለው ከቀኝ የሚመጣው ነው፤ ጀርመኖቹ «ሬኽትስ ፎር ሊንክስ» ይሉታል፣ በተለይ በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ በየማዕዘኑ ያጋጥማችኋል። ሕጉ ለብስክሌትም ያገለግላል፦ ከቀኛችሁ መኪና ከመጣ ትቆማላችሁ፣ እናንተ ከቀኙ ከመጣችሁ እሱ ይቆማል። ቅድሚያው የእናንተ ሲሆንም የአሽከርካሪውን ፊት አትመኑ፤ ጎማውን ተመልከቱ፣ መሽከርከሩን ሲያቆም እለፉ። ዜብራ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእግረኛ ብቻ ስለሆነ ወርዳችሁ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ተሻገሩ። ቀይ መብራት መጣስ 60 ዩሮ ያስቀጣል፤ መብራቱ ከቀላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለፈ 100 ዩሮ ይሆናል፣ በሁለቱም ፍሌንስቡርግ ከተማ ባለው የትራፊክ ጥፋቶች መዝገብ ላይ አንድ ነጥብ ይያዝባችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተሻሻለው ደንብ መሠረት ብስክሌት የሚቀድም መኪና በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ 2 ሜትር መራቅ አለበት። አዲስ ነጂዎች ይህን አያውቁምና ለመኪናው ቦታ የለቀቁ እየመሰላቸው የመንገዱን ጠርዝ ተጠግተው ይሄዳሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ትሕትና አጥብቄ እቃወማለሁ። ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ነጂ አሽከርካሪውን «በዚህች ቀዳዳ ሾልከህ እለፍ» ብሎ እንደ መጋበዝ ነው፤ ጉድጓድ ቢያጋጥመውም የሚሸሽበት ቦታ የለውም። የትራም ሐዲድ ባለበት ደግሞ ጎማችሁ ሐዲዱ ውስጥ እንዳይገባ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ አቋርጡት፤ ሲዘንብ ብረቱ እጅግ ያንሸራትታል።

ሕይወት የሚቀጥፈው ግን ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የጭነት መኪና ነው። መብራት ላይ ቆሟል፤ በቀኙ በኩል የብስክሌት መስመር አለ፤ ሾልካችሁ ከጋቢናው አጠገብ ትቆማላችሁ። ሾፌሩ የተቀመጠው ከራሳችሁ በላይ ነው፣ በስፖኪዮው ላትታዩት ትችላላችሁ። አረንጓዴ ሲበራ እናንተ ቀጥታ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ይታጠፋል። ረጅም መኪና ሲታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ከፈት ይልና ቀጥታ የሚሄድ ይመስላል፤ ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ተከትለው አይዞሩም፣ ማዕዘኑን ቆርጠው እናንተ ያላችሁበትን ቦታ ጠርገው ያልፋሉ። ፍሬቻ አላሳየም ብሎ መከራከር የሚቻለው በሕይወት ከተረፉ በኋላ ነው። ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና በከተማ ውስጥ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በእግር እርምጃ ፍጥነት እንዲሄድ ሕጉ ያዛል፣ ቅድሚያውም የእናንተ ነው፤ ቢሆንም ከኋላው ቆማችሁ አሳልፉት። በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም ጋር አልስማማም፤ ከጭነት መኪና ጎን የሚቆም ሰው አጠገቤ ካለ አስወርደዋለሁ።

አሁን እኔ ወደ ወደቅሁበት ወጥመድ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልታነቡልኝ የምፈልገው ይህን ክፍል ነው። ወደ ሥራ እየሄድሁ በቆሙ መኪናዎች አጠገብ ሳልፍ የአንደኛው በር ድንገት ተከፈተ፤ የበሩ ጠርዝ መሪዬን መታው፣ እኔም በቀኝ ትከሻዬ አስፋልቱ ላይ ወደቅሁ። ባለመኪናው ደንግጦ ወረደ፣ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ብስክሌቴን አንስቶ ሰንሰለቱን መለሰልኝ፣ «ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም፣ ሁሉንም እኔ እሸፍናለሁ» አለኝ። ስምና አድራሻ ተለዋወጥን። በዚያ ሰዓት ሕመሙ ስላልተሰማኝ አመስግኜው ሄድሁ። ትከሻዬ ያበጠው ማታ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሰውየው የመኪና መድን ድርጅት ደብዳቤ መጣ፤ በሩ ቀድሞ ተከፍቶ እንደነበር፣ እኔ ሳላይ እንደገጨሁት ገልጾ የበሩን ማሠሪያ እንድከፍል ይጠይቃል። የፖሊስ መዝገብ የለም፣ ምስክር የለም፣ ፎቶ የለም። የጤና መድኔ ደግሞ በበኩሉ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ ልኮ በቀነ ገደብ እንድሞላ አዘዘኝ። ወደ ሥራ ስሄድ የደረሰ በመሆኑ ጉዳዩ የሥራ አደጋ መድን መሆኑን፣ ስለዚህም ለአሠሪዬ አስታውቄ «ዱርኽጋንግስአርትስት» ወደሚባለው የሥራ አደጋ ሐኪም መሄድ እንደነበረብኝ የሰማሁት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲልከኝ፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ቅጽ እንደገና ሲያስሞላኝ ወራት አለፉ።

ሕጉ ግን ግልጽ ነበር። ከመኪና የሚወርድ ሰው ሌላውን አደጋ ላይ እንዳይጥል የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት፤ በር ከፍቶ ብስክሌት ነጂ የጣለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂ ነው። ሕግ የሚሠራው በተመዘገበ ነገር ላይ ስለሆነ እንዲህ አድርጉ፦ መኪና ነክቷችሁ ከወደቃችሁ፣ ሰውየው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ 110 ደውላችሁ ፖሊስ ጥሩ፤ የተጎዳ ካለ 112 ይጠራል። ቋንቋ አልችልም ብላችሁ አትተዉት፤ ያላችሁበትን መንገድ ስምና «ኡንፋል» (አደጋ) የምትለዋን ቃል መናገር ይበቃል። ምንም ነገር ከቦታው ሳይነሣ ታርጋውን፣ በሩን፣ የወደቃችሁበትን ቦታ በስልካችሁ አንሱ። ያዩ ሰዎችን ስልክ ጠይቁ፤ ምስክሮች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተበትነው ያልቃሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ሕመም ባይሰማችሁም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጥፋቱ የሌላው ከሆነ የጠበቃችሁን ወጪ የሚሸፍነው የእሱ መድን ነውና ጠበቃ መያዝን አትፍሩ። ታርጋውን ብቻ የያዘ ሰውም «ሴንትራልሩፍ» በሚባለው የመኪና መድን ድርጅቶች የጋራ ስልክ የየትኛው ድርጅት ደንበኛ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። እናንተ መኪና ከጫራችሁም ከቦታው መሄድ ወንጀል ነው፤ ብስክሌት ነው የያዝሁት ማለት አያድንም።

ከቆሙ መኪናዎችም ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፤ የብስክሌቱ መስመር በሮቹ ሥር የተሰመረ ከሆነ በመስመሩ ግራ ጠርዝ ሂዱ።

ሌላው ሳትይዙ መንዳት የሌለባችሁ ነገር «ፕሪቫትሃፍትፍሊኽት» የሚባለው የግል ተጠያቂነት መድን ነው። በወር ጥቂት ዩሮ የሚከፈልበት ሲሆን በብስክሌት ሰው ብትጎዱ ወይም መኪና ብታበላሹ ካሳውን ይሸፍናል። በሕግ ግዴታ ስላልሆነ ማንም መሥሪያ ቤት አይነግራችሁም። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ የሚጠይቀው ደብዳቤ ቤት ከመያዛችሁ ይደርሳችኋል፤ ከዕድሜ ልክ ዕዳ ስለሚያድናችሁ መድን ግን አንድ መስመር እንኳ የሚጽፍላችሁ የለም። ይህ በእውነት ያናድደኛል።

ቀሪውን ባጭሩ። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑራችሁ፤ ክረምት ላይ ከቀትር በኋላ በጊዜ ይጨልማል፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰን ሰው መኪና ውስጥ ያለ አያየውም። እየነዱ ስልክ መያዝ 55 ዩሮ ያስቀጣል። ሄልሜት ግዴታ ባይሆንም አድርጉ። አልኮል ጠጥታችሁ ከሆነ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ በደሙ ያለው አልኮል 1.6 ፕሮሚለ (ከሺህ 1.6) የደረሰ ሰው ብስክሌት ላይ ቢሆንም በወንጀል ይጠየቃል፣ አደጋ ከደረሰ ወይም አነዳዱ ከተዛባ ደግሞ 0.3 ይበቃል። በዚህ መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በመጨረሻም ምግብ የማድረስ ሥራ የምትጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ተጠንቀቁ። ፔዳል ስትረግጡ ብቻ የሚያግዝ፣ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ እርዳታውን የሚያቋርጥና ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ ከሆነ በሕግ ፊት ተራ ብስክሌት ነው። ፔዳል ሳይረገጥ እንደ ሞተር ብስክሌት በእጅ የሚነዳው፣ ወይም ፍጥነቱ እንዲጨምር የተነካካው ግን የሞተር ተሽከርካሪ ነው፤ መንጃ ፈቃድና የመድን ታርጋ ይጠየቅበታል፣ ያለ እነዚህ መንዳት በወንጀል ያስከስሳል። የወንጀል ፍርድ ደግሞ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ማመልከቻ ላይ ይመጣባችኋል። ሻጩ ፔዳል ሳትረግጡ እንደሚሮጥ እያሳየ ካሞገሰላችሁ አትግዙት፤ የገዛችሁትም ካላችሁ አሠሪያችሁ «ሁሉም በዚህ ነው የሚሠራው» ቢላችሁ እንኳ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ፣ ፖሊስ ሲያስቆም የሚከሰሰው የሚነዳው ሰው ነውና።