መናገር ለማይችል ሰው የፊደል ሰሌዳ አዘገጃጀት

እህቴ የምታስበውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አንደበቷ ግን አይታዘዝላትም። እዚህ ባሕር ዳር ለዓመታት አብረን ስንኖር ፍላጎቷን እኛ እየገመትን ስለ እርሷ እንመልስ ነበር። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን፣ ሰው ሐሳቡን ራሱ በመረጠው የመግባቢያ ዘዴ የመግለጽ መብት እንዳለው በአንቀጽ 21 ይደነግጋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘዴ ፊደል ለቆጠረ ሰው የሚሆን ነው፤ ላልቆጠረ ግን በፊደሉ ቦታ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ ቦታዎችና ዕቃዎች ፎቶግራፍ መለጠፍ ይቻላል።

በቅድሚያ የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ምልክት ይወሰን። መራጩ ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እህቴ ወደ ላይ ማየትን ለአዎ፣ ዓይን መጨፈንን ለአይደለም መርጣለች። ጎረቤትም የባጃጅ ሾፌርም እንዲረዳው ይህ በሰሌዳው አናት ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ ፊደሉ ይደረደራል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ስለሚሆኑ ሁሉንም መጻፍ ያደክማል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ግን 28 የግእዝ ፊደላት ብቻ ይቀራሉ፤ እነዚህም በአራት መስመር ሰባት ሰባት ሆነው በቅደም ተከተላቸው ይሰፍራሉ። ጠያቂው መጀመሪያ መስመሩን፣ ከዚያ ፊደሉን፣ በመጨረሻም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይጠይቃል። ለምሳሌ «ጣና» ለማለት፣ አራተኛ መስመር፣ ሁለተኛ ፊደል፣ ራብዕ፤ ከዚያም ሁለተኛ መስመር፣ አራተኛ ፊደል፣ ራብዕ ይመረጣል። በአማርኛ ቃላት ውስጥ ሳድስ ስለሚበዛ፣ የድምፁን ጥያቄ ከሳድስ መጀመር ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ በልብ እስከ 10 ይቆጠር። ቃሉ የተገመተ ቢመስልም «እንዲህ ልትይ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንጂ ራስን ተርጓሚ አድርጎ መጨረስ አይገባም፤ እኔ ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

ከፊደሉ ሥር ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ይጨመሩ፦ «ተሳስታችኋል»፣ «አልፈልግም»፣ «ከመጀመሪያው እንጀምር»፣ «እኔን ጠይቁኝ»። የመጨረሻውን የጨመርነው አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ፣ እህቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ፣ «የት ያማታል?» ተብዬ እኔ ከተጠየቅሁ በኋላ ነው።

ሰሌዳው በሁለት ቅጂ ተሠርቶ ዝናብ እንዳያበላሸው ላሚኔት ይደረግ፤ አንዱ አልጋው አጠገብ ይሰቀል፣ ሌላው ከተሽከርካሪ ወንበሩ ጋር ይታሰርና ጣና ዳር ለመናፈስም ሲወጣ አብሮ ይሂድ።