ሜዲቴሽን ስትጀምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ። ጓደኛዬ ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ገለጠችው። «አልቻልኩም፤ ጭንቅላቴ ዝም አይልም» አለችኝ። የቤት ኪራዩ፣ የልጇ ዩኒፎርም፣ ትናንት ከአለቃዋ ጋር የተባባሉት ሁሉ ተግተልትሎ መጥቶባታል።

አብዛኛው ሰው የሚተወው እዚህ ጋር ነው። ሜዲቴሽን፣ ማለትም ልብን ትንፋሽ ላይ ማሳረፍ፣ ሀሳብን ማጥፋት ይመስለዋል። አይደለም። ሀሳብ መምጣቱ አይቀርም። የእናንተ ድርሻ ልባችሁ መሄዱን ስታውቁ ቀስ ብሎ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው። ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሠላሳ ጊዜ ከመለሳችሁት፣ ሠላሳ ጊዜ ሠርታችኋል። ለጓደኛዬ ያሳየኋት መቁጠርን ነው። አየር ስታስወጪ «አንድ»፣ ቀጥሎ «ሁለት»፣ እስከ አሥር። ከጠፋብሽ ራስሽን ሳትቆጪ ከአንድ ጀምሪ። ያን ቀን አራት ላይ ስትደርስ ዩኒፎርሙ እየመጣ ያስጀምራት ነበር። ግን አልተነሳችም፤ እኔ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት በአንድ ጊዜ ብዙ መፈለግ ነው። እሁድ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሰኞ ከመተው፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ፊት ከታጠባችሁ በኋላ፣ ስልክ ሳትነኩ አድርጉት። ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የታወቀው የሜዲቴሽን ሥልጠና እንኳ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በሦስት ቀን ለውጥ አትጠብቁ።

ፀጥ ያለ ቦታ ፍለጋም ሰበብ ይሆናል። ባጃጁ ጥሩምባውን ይንፋ፤ ስሙትና ተመለሱ። እግር ማጣጠፍም ግዴታ አይደለም። ወንበር ላይ ጀርባን ቀና አድርጎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ መቀመጥ ይበቃል። አልጋ ላይ ግን እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ትንፋሽንም በግድ አትሳቡ፤ ያዞራል። ቀስ ብሎ ማስወጣት በራሱ የልብ ምትን ያረጋጋል።

ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ወይ የሚሉኝ አሉ። ትንፋሽን መከታተል ጸሎት አይደለም፤ የጸሎትንም ቦታ አይወስድም።

አደገኛው ስህተት መድኃኒት ማቆም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. 47 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ሜዲቴሽን ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከመድኃኒት ወይም ከስፖርት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁን ሳታቋርጡ ጎን ለጎን ሞክሩት። ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነባችሁ አትታገሉ። ዓይናችሁን ግለጡ፣ ውሃውን ወይም ዛፉን ተመልከቱ፣ እግራችሁ መሬት መርገጡን ልብ በሉ። ከበረታባችሁ የዚያን ቀኑን አቁሙና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ።