በሬድ ላይን ባቡር የሚደረስበት ቤዝቦል፦ ሲዝኑ ሳይጀመር የትንሽ ኮሌጅ ቡድን መከታተል እንዴት ይጀመራል

ገና አልፎ ጥምቀት ሲዳረስ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው፣ ያኔ ስለ ቤዝቦል የሚያወራ ሰው አታገኙም፣ እኔ ግን የምላችሁ የኮሌጅ ቡድን መከታተል የሚጀመረው ልክ በዚ ሰሞን ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ከአራት አምስት ሳምንት በላይ የላችሁም፣ በነዚ ሳምንታት ትንሽ ስራ ከሰራችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ስትደርሱ የምታዩት ዝም ብሎ ኳስ የሚወረውር ሰው ሳይሆን ስሙን፣ ሰፈሩን፣ አምና ምን እንደገጠመው የምታውቁት ልጅ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ብዙ ሀበሻ ቤዝቦል ይሰለቸኛል ይላል፣ አልፈርድም፣ አብዛኞቻችን ያየነው ወይ በቲቪ ነው ወይ ናሽናልስ ፓርክ ላይኛው ፎቅ ተቀምጠን ነው፣ ከዛ ርቀት ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ጣቶቹን ኳሱ ላይ እንዴት እንዳደረገ ማን ያያል? ትንሽ ኮሌጅ ጋ ግን ከካቸሩ (የፒቸሩን ኳስ ከሚቀበለው ልጅ) ጀርባ ሽቦው ስር ትቆማላችሁ፣ ኳሱ አየሩን ሲቀድ ይሰማችኋል፣ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ ጧ ይላል፣ ዱላው የእንጨት ሳይሆን ሜታል ስለሆነ ጥሩ ሲመታ ድምፁ እንደ ደወል ነው፣ አሰልጣኙ የሚለውም ቃል በቃል ይሰማል።

ትንሽ ኮሌጅ ስል ዲቪዥን 3 የሚባለውን ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ኤንሲኤኤ በሚባለው ማህበር ስር ለሶስት ዲቪዥን ተከፍሏል፣ ሶስተኛው ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ልጁ በትምህርት ውጤቱ ወይ በቤተሰቡ ገቢ ሊረዳ ይችላል፣ ኳስ ስለወረወረ ግን አንድ ዶላር አያገኝም። ይሄን ስታውቁ የምታዩበት አይን ይለወጣል፣ ጠዋት ላብራቶሪ ገብቶ ከሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ተጫውቶ ማታ ተመልሶ ለፈተና የሚያነብ ልጅ ነው እኮ ፊታችሁ ያለው።

የኛ አካባቢ ሰው ደግሞ እድለኛ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን ታኮማንና ፎርት ቶተንን አልፋችሁ ብሩክላንድ ስትወርዱ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሁለት ፌርማታ ጨምራችሁ ኖማ ስትወርዱ ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሁለቱም ዲቪዥን 3 ናቸው ሁለቱም ቤዝቦል ቡድን አላቸው። መኪና ያለው ባልቲሞር ሄዶ 2023 ላይ ሀገር አቀፍ ፍፃሜ ደርሶ በሊንችበርግ የተሸነፈውን ጆንስ ሆፕኪንስን ማየት ይችላል፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ደግሞ የ2021 ሻምፒዮን ሳልስበሪ አለ። የኔ ምክር ግን ጎበዙን ሳይሆን ቅርቡን ያዙ ነው፣ ምክንያቱም መከታተል ማለት መመላለስ ነው፣ በወር አንዴ የምታዩት ቡድን የናንተ አይሆንም።

አሁን ወደ ስራው። የመጀመሪያው ነገር ሮስተሩ፣ ማለትም የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ነው። የኮሌጁን የስፖርት ዌብሳይት ክፈቱና የአምናውንና የዘንድሮውን ሮስተር ጎን ለጎን አድርጉ፣ ከተቻለ ፕሪንት አድርጉት፣ በእስክሪብቶ የተመረቁትን ሰርዙ። ከሰረዛችሁ በኋላ የቀረውን እዩት፣ የተሰረዘው አምና በየጨዋታው ይሰለፍ የነበረ ሾርትስቶፕ (የውስጠኛው ሜዳ ተከላካይ) ከሆነ ዘንድሮ እሱ ቦታ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው፣ ማን ይሞላዋል ብላችሁ መጠየቅ ስትጀምሩ ተከታታይ ሆናችኋል። ከስሙ ጎን ያለው ነገር ሁሉ ይጠቅማል፣ ፍሬሽማን ነው ሲኒየር ነው፣ በየትኛው እጁ ይመታል በየትኛው ይወረውራል፣ ሃይስኩሉ የት ነው። በግራ የሚመታ ልጅ ወደ ፈርስት ቤዝ (መቺው መጀመሪያ ሮጦ ወደሚደርስባት ማረፊያ) አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርባል፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ስንቱ ለጥቂት ተቀደመ የሚባለው በዛች እርምጃ ነው።

አርባ ስም ለመሸምደድ አትሞክሩ። አምስት ሰው ምረጡ፣ እኔ ሁሌ የምይዘው ካቸሩን፣ ሾርትስቶፑን፣ ዋናውን ፒቸር፣ አንድ ሲኒየርና አንድ ፍሬሽማን ነው። ካቸሩን ለምን ብትሉ ሌሎቹ ስምንቱ ወደሱ ነው ፊታቸው፣ እሱ ብቻ ነው ሜዳውን ሙሉ የሚያየው፣ ሳይታክት ቁጭ ብድግ ሲል፣ ፒቸሩ ሲደነግጥ ሄዶ ሲያረጋጋው ካያችሁ ጨዋታው ማን እጅ ላይ እንዳለ ይገባችኋል። ፍሬሽማኑ ደግሞ የኢንቨስትመንት ጉዳይ ነው፣ አራት አመት ታዩታላችሁ፣ መጀመሪያ ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ ያያችሁት ልጅ አራተኛ አመቱ ላይ ቡድኑን ሲመራ ማየት ሌላ ደስታ ነው።

ፒቸሮች ላይ ጊዜ አጥፉ፣ ሲዝኑን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሮስተሩን ብትቆጥሩት ግማሽ የሚጠጋው ፒቸር ነው፣ ምክንያቱም ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር ክንዱ እንዲያርፍ በሳምንት አንዴ ገደማ ነው የሚወረውረው። የአምናውን ስታቲስቲክስ ክፈቱና እያንዳንዱ ስንት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ አንዴ የሚመቱበት ዙር) እንደወረወረ ደምሩ፣ ለምሳሌ ቡድኑ በጠቅላላው 340 ኢኒንግ ተጫውቶ 200ውን የወረወሩት ልጆች ተመርቀው ከሄዱ ያ ቡድን ዱላው የፈለገ ቢያምር ማርች ላይ መቸገሩ አይቀርም፣ ኮንፈረንሱ (ቡድኑ የሚወዳደርበት ምድብ) ውስጥ ያሉ አሰልጣኞች በቅድመ ሲዝን ግምታቸው አንደኛ ቢያደርጉትም እንኳ እኔ ይቺን ሂሳብ ነው የማምነው። ኢአርኤ የሚባለው ቁጥር ፒቸሩ በራሱ ጥፋት በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ራን (ነጥብ) እንደሚያስገባ ነው የሚነግራችሁ፣ ሲያንስ ጥሩ ነው። በቲቪ ከለመዳችሁት ጋር ግን አታወዳድሩት፣ እዚ ደረጃ ላይ ብዙ ራን ይገባል።

ከዛ ስኬጁሉ። ዲቪዥን 3 ቡድን በመደበኛው ሲዝን ቢበዛ 40 ጨዋታ ነው የሚጫወተው፣ በሶስት ወር ውስጥ ይታጨቃል። ኮከብ ምልክት ያለባቸው የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ናቸው፣ እነሱን ለብቻ ከቡና መፍያው አጠገብ ለጥፏቸው። ካቶሊክ ላንድማርክ በሚባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ስለሆነ ተጋጣሚዎቹ በብዛት ከፔንስልቬንያ ናቸው፣ ስክራንተን፣ ሰስኬሃና፣ ሞራቪያን፣ ኤሊዛቤዝታውን፣ ስለዚ ከሜዳ ውጪ ያለውን ለመከተል ካሰባችሁ ነዳጁን ቀድማችሁ አስቡበት። ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ደብልሄደር ነው፣ ማለትም በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ ወይም ሁለቱም 7 ኢኒንግ ሊሆን ይችላል። ምርጡን ፒቸር ማየት የፈለገ ከሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያውን ጨዋታ አያምልጠው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ግን አሰልጣኙ ወጣቶቹን የሚሞክርበት ቀን ነው፣ የያዛችሁት ፍሬሽማን የሚገባው ያኔ ነው። ስፕሪንግ ብሬክ ላይ ብዙ ቡድን ሙቀት ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ ወይ ካሮላይና ይወርዳል፣ በአንድ ሳምንት ብዙ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ እሱን ቤታችሁ ሆናችሁ በላይቭ ስታትስ (ጨዋታው እየተካሄደ ኢንተርኔት ላይ በሚወጣው ቁጥር) ተከታተሉ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠንቅቃችሁ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቼክ አድርጉ። እኔ አንዴ ማርች ላይ ሁለት ሰዓት ነድቼ ደርሼ በሩ ተቆልፏል፣ ሜዳው ላይ ጥቁር ሸራ ተነጥፏል፣ ሰው የለም፣ ለካ ዝናብ ይመጣል ብለው ጨዋታውን በአንድ ቀን ቀድመው ተጫውተውታል፣ ዌብሳይታቸው ላይ ያለው ስኬጁል ደግሞ አልተቀየረም፣ የተቀየረው የቡድኑ ሶሻል ሚዲያ ላይ ብቻ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ የቡድኑን አካውንት ፎሎው አድርጌ ኖቲፊኬሽኑን ከፍቼዋለሁ፣ እናንተም ከዛሬ ጀምሩ። ሰዓቱንም በደንብ ያዙት፣ በተለይ እናቶቻችንን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አንድ ሰዓት ያላችኋቸው ለነሱ ሰባት ሰዓት ነው።

ህጉን ካላወቃችሁ አትጨነቁ፣ ሶስት ስትራይክ (መቺው የሳተው ወይ መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ) መቺውን ያስወጣዋል፣ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ የተወረወረ ኳስ) በነፃ ፈርስት ቤዝ ያስገባዋል፣ ሶስት ሰው ሲወጣ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ይቺን ይዛችሁ ሂዱ ሌላው እዛው ይገባችኋል። ቶሎ እንዲገባችሁ ግን ደብተር ያዙ። ቤዝቦል ላይ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፣ ፒቸር 1፣ ካቸር 2፣ ፈርስት ቤዝ 3፣ ሰከንድ ቤዝ 4፣ ሰርድ ቤዝ 5፣ ሾርትስቶፕ 6፣ ውጪ ያሉት ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ይሄ ማሊያቸው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገናኝም፣ እንዳትምታቱ። አሁን ፈርስት ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ አለ እንበል፣ መቺው ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ ሰደዳት፣ ሾርትስቶፑ አንስቶ ለሰከንድ ቤዙ፣ ሰከንድ ቤዙ ቤዙን ረግጦ ዞሮ ለፈርስት ቤዙ፣ አይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ሁለት ሰው ወጥቷል። ደብተራችሁ ላይ የምትፅፉት 6-4-3 ብቻ ነው። ማታ ቤት ገብታችሁ ያቺን ሶስት ቁጥር ስታዩ አቧራው ሁሉ ትዝ ይላችኋል። ስልክ ላይ አፕ አለ፣ እኔ ግን ወረቀቱን ነው የምመርጠው፣ ስልክ ስታዩ ጨዋታው ያልፋል።

ጋሎዴትን ለብቻው ላንሳው። መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የቤዝቦል ሜዳው በዊልያም ሆይ ስም ነው የሚጠራው። ሆይ መስማት የማይችል ተጫዋች ነበር፣ 1888 ላይ እዚሁ ዋሽንግተን ለነበረው ቡድን ተሰልፎ በመጀመሪያ አመቱ 82 ቤዝ ሰርቆ (ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ ደርሶ) ሊጉን መርቷል። የዳኞች የእጅ ምልክት የመጣው በሱ ምክንያት ነው የሚል ታሪክም አለ፣ ታሪክ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ለአመታት ቡድኑን ያሰለጠነው ከርቲስ ፕራይድ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ኬኔዲ ሃይስኩል የተማረ፣ መስማት ሳይችል ሜጀር ሊግ ድረስ የተጫወተ ሰው ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሜዳው ላይ የሚግባቡት በጩኸት ሳይሆን በአይንና በእጅ ነው፣ ወደ ላይ የወጣች ኳስ ስር ሁለት ልጆች እየሮጡ እንዴት እንደሚተያዩ ማየት ብቻውን መሄዱን ያስመሰግናል።

መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ብርዱ ግን ነፃ አይደለም፣ ፌብሩዋሪ ላይ ሶስት ሰዓት ብረት ላይ መቀመጥ ነው፣ ብርድ ልብስና የሚታጠፍ ወንበር ያዙ፣ ሻይ በፔርሙስ። ሲዝኑ ደግሞ ከአብይ ጾም ጋር ነው የሚገጥመው፣ ሜዳው ላይ የሚሸጥ ነገር ካለ ሆት ዶግ ነው፣ ስለዚ ስንቃችሁን ከቤት፣ ቆሎ ከሁሉ ይሻላል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሱፍ ሲቆረጥሙ ነው የሚውሉት፣ እኛ ለጾም ፍትፍት የምናደርገውን ሱፍ እነሱ ጨው ነስንሰው ገለባውን እየተፉ ይጨርሱታል። መሄድ ለማይችል ስትሪም አለ፣ አንዳንዱ ነፃ ነው አንዳንዱ ኮንፈረንስ ያስከፍላል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስንቱ የቡድናችሁ ጨዋታ እንደሚተላለፍ እዩ።

የፌብሩዋሪ ጨዋታ ምን ዋጋ አለው እንዳትሉ። ሜይ ላይ የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር ይገባሉ፣ ለቀሪው ቦታ ግን ከ2024-25 ጀምሮ ኤንፒአይ የሚባል ቀመር ነው የሚታየው፣ እሱ ደግሞ ሙሉውን ሲዝን ይቆጥራል፣ በበረዶ የተሸነፋችሁት ጨዋታ ሜይ ላይ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ስምንት ቡድን ይቀራል። 2024 ላይ ኦሃዮ ኢስትሌክ ከደረሱት ስምንቱ አንዱ ከአላባማ የመጣው በርሚንግሃም ሳዘርን ነበር፣ ኮሌጁ በገንዘብ እጥረት በሩን የዘጋው ሜይ 31 ነው፣ እነዚ ልጆች የመጀመሪያ ጨዋታቸውን የተጫወቱትም በዛው ቀን ነው። ትምህርት ቤታቸው የለም፣ ማሊያቸው ግን አለ። የመጀመሪያውን ተሸነፉ፣ በማግስቱ በመጨረሻው ኢኒንግ በሆምራን (አጥሩን አልፎ በወጣ ምት) አሸነፉ፣ በሶስተኛው ቀን በዊስኮንሰን ዋይትዋተር 11 ለ 10 ተሸንፈው ወጡ። ዋይትዋተር ያን አመት ፍፃሜ ላይ በሚዘሪኮርዲያ ቢሸነፍም በ2025 ተመልሶ ዋንጫውን ወስዷል።

እና መጀመሪያ ቀን ስትሄዱ የተጫዋቾቹ ወላጆች ድንኳን ተክለው፣ በሁለቱ ጨዋታ መሀል ስጋ እየጠበሱ ታገኟቸዋላችሁ፣ አዲስ ፊት ሲያዩ "የትኛው ነው ያንተ?" ነው የሚሉት። እኔን የጠየቀችኝ አንዲት እናት ነበረች፣ ማንም የለኝም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ነው የመጣሁት፣ ግን 14 ቁጥሩን ፍሬሽማን ከጃንዋሪ ጀምሮ ይዤዋለሁ አልኳት፣ ደብተሬንም አሳየኋት። ወንበሯን ጠጋ አደረገችልኝ፣ ቆሎ አካፈልኳት፣ ዘንድሮም እዛው ሰርድ ቤዝ በኩል ነው የምንቀመጠው።