«ዘመኑ ነው» ብላችሁ አትለፉ

ጅማ ውስጥ የፍልስፍናና የታሪክ ተማሪዎችን ጽሑፍ ማረም ከጀመርኩ ቆየሁ። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ። አንዱ ግን ሁሌም ያበሳጨኛል፤ ከሱ ልጀምር።

ተማሪዎቼን ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወስዳለሁ። የእንጨት ሥራውን አይተው ይደነቃሉ፤ እኔም እስካሁን ይደንቀኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ። ይሄን ሁሉም አሳምሮ ይጽፋል። ታች ሂርማታ ገበያ ላይ ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ብዕሩ ይቸኩላል። «ዘመኑ ነው» ይሉና ወደ ቡናው ንግድ ይሻገራሉ።

የማን ዘመን? ለሽያጭ የቆመችው ልጅ በዚያው ዘመን አልኖረችም? «ያኔ ሰው ሁሉ ተቀብሎት ነበር» ስትሉ እሷን ከሰው አልቆጠራችሁም ማለት ነው። ዘመኑን ማወቅ ነገሩ ለምን እንደተደረገ ያስረዳል። ልክ ነበር ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ደግሞስ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። የአንድ አዛውንት ዕድሜ ነው እኮ! 

ንጉሡን ተሳደቡ እያልኩ አይደለም። እሱም ሌላ ስንፍና ነው።

ቀጣዩን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ አባት ስለ «ሰፉ» ነገሩኝ። እኔም ኦሮምኛውን «ነውር» ብዬ ተርጉሜ አለፍኩ። ጽሑፉን ይዤ ሄጄ ሳነብላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ነውር ከተሠራ በኋላ የሚባል ነው። ሰፉ ግን ሳይሠራ በፊት እጅህን የሚይዝህ ነው» አሉኝ። ሰፉ በታላቅና በታናሽ፣ በሰውና በእንስሳ፣ በሰውና በዛፍ መካከል ያለውን ልክ ሁሉ ይይዛል። ያን ሁሉ በአንዲት ቃል ቆርጬ ጥዬው ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመኝ እንዳለ እተወውና በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር አብራራዋለሁ።

አንድ ሽማግሌ አናግራችሁ «የጅማ ሕዝብ እንዲህ ያምናል» አትበሉ።

ጀርመናዊውን ፈላስፋ ካንትንም መግቢያው ላይ አትደርድሩ። ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ያለው ስለ ሂርማታው የሰው ሽያጭ ለማሰብ ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ የከነከናችሁን ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ጥያቄ ሳይኖራችሁ የጠራችሁት ፈላስፋ ገጽ ከመሙላት አያልፍም።

ባለፈው ዓመት አንዷ ተማሪዬ ረቂቋን መለሰችልኝ። «ዘመኑ ነው» የሚለው ላይ ሰረዝ አድርጋ ከላዩ «የተሸጡት ምን ይሉ ነበር?» ብላ ጽፋለች። ከዚያ በታች አራት አዲስ ገጽ ነበር።