የድፎ ዳቦ ስጦታ ከነዳንቴል ልብሱ

ለበዓል ወይም ለአራስ ጥየቃ ዘመድ ቤት ሲኬድ ድፎ ዳቦ ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። ዳንቴልም እንዲሁ በየቤቱ የኖረ የእጅ ሥራ ቢሆንም፣ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ የሚለብስበት ጀርባ ካጣ ወዲህ ብዙ ወጣቶች የእናቶቻቸው ዘመን ዕቃ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ዛሬም ሥራ እንዳልፈታ አምናለሁ፤ ይኸውም ተባርኮ እስኪቆረስ ድረስ በጠረጴዛው መካከል የሚቀመጠውን ዳቦ ማልበስ ነው። ዳቦው በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ ልብሱ ግን ለሚቀጥለው በዓል ይቀመጣል።

በቅድሚያ የሚለካው የዳቦ መጋገሪያው ነው። የመጀመሪያውን የዳቦ ልብስ የሠራሁት ክሩን አይቼ ጓጉቼ እንጂ ለክቼ ስላልነበረ፣ በዓሉ ዕለት ዳቦው አናት ላይ እንደ ቆብ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ከ1 ኪሎ ዱቄት የሚወጣ ድፎ ዳቦ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ በደንብ ይሠራል፤ ልብሱ ደግሞ ጎኑን ጥቂት እንዲሸፍን 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይገባል።

ለክሩ የሚመረጠው ቀጭን ነጭ የጥጥ ክር ነው። ሰው ሠራሽ ክር ያብረቀርቃል እንጂ ዳቦው ላይ ረጋ ብሎ አይተኛም። ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ስላልሆነ፣ መሀል ላይ አልቆ ሌላ ከመፈለግ ሁለት ጥቅል በአንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል። ኪሮሹ፣ ማለትም ጫፉ የታጠፈው የዳንቴል መሥሪያ መርፌ፣ ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩን በኪሮሹ እየሳቡ አንዱን ዙር በሌላው ውስጥ በማሳለፍ በሚሠራ 6 ሰንሰለት ትንሽ ቀለበት ይሥሩና ጫፍና ጫፉን ያጋጥሙ። ከዚያ 3 ሰንሰለት ወደ ላይ ያውጡ፤ እነዚህ እንደ አንድ አምድ ይቆጠራሉ። አምድ የምለው ክሩን ኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ፣ ኪሮሹን በቀዳዳው አሳልፎ ክር በመሳብ፣ በኪሮሹ ላይ የተገኙትን ሦስት ዙር ክሮች ሁለት ሁለት እያደረጉ በመዝጋት የሚሠራውን ቁመት ያለውን ጥልፍ ነው። በቀለበቱ ውስጥ 11 አምድ ሲጨምሩ የመጀመሪያው ዙር 12 ይሆናል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ አምድ ላይ ሁለት ሁለት ተሠርቶ 24፣ በሦስተኛው አንድ ጊዜ ነጠላ አንድ ጊዜ ጥንድ እየተደረገ 36፣ በአራተኛው ሁለት ነጠላና አንድ ጥንድ እየተፈራረቀ 48 ይሆናል። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ12 መብለጥ አለበት፤ ሒሳቡ ይኸው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጥንዶቹ በየዙሩ ከቀድሞዎቹ በላይ በትክክል ከተደራረቡ ክቡ ማዕዘን ያወጣል፤ ስለዚህ ቦታቸውን በየዙሩ ጥቂት ያዛውሩ።

አምስት ዙር ከተሠራ በኋላ ሥራውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ማየት ግድ ነው። ዳሩ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተጥመለመለ ጭማሪው በዝቷል ወይም እጅዎ ላልቷል፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከታጠፈ ደግሞ ጭማሪው አንሷል ወይም ክሩን አጥብቀዋል። እዚህ ላይ መፍታት የአንድ ምሽት ድካም ነው፤ 20ኛው ዙር ላይ ሲደርሱ መፍታት ግን ልብ ይሰብራል። የአምስቱን ዙር ስፋት ከለኩ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግዎም ያውቃሉ። በእኔ እጅ 30 ዙር ይወስዳል፤ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን 3 ዙሮች ሳልጨምር በ324 አምድ ብቻ ስለምዘጋ ዳሩ በራሱ ጎንበስ ብሎ ዳቦውን ያቅፋል። በመጨረሻም በየአራተኛው አምድ ላይ በ5 ሰንሰለት ቅስት እየሠሩ ሲዞሩ 81 ትናንሽ ቅስቶች ይወጣሉ፤ ዳሩም ያምራል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ 5,508 አምድ ነው። ጀማሪ ሰው በሰዓት 300 ያህል ቢሠራ፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት እየሰጠ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታልና በበዓሉ ዋዜማ መጀመር አይታሰብም። ሲያልቅ በለብታ ውኃና በሳሙና ያጥቡት፤ ፎጣ ላይ ክብ አድርገው በስፒል ወጥረው ያድርቁት። ጌጥ ለሚሆን ዳንቴል ስኳር ውኃ ቀጥ አድርጎ ቢያደርቀውም፣ የዳቦ ልብስ ልስልስ ማለት አለበት፤ ስኳሩም ጉንዳን ይጠራል።

ዳቦው የዋዜማ ሥራ ነው። 1 ኪሎ ዱቄት፣ ግማሹ ፍርኖ ግማሹ በቤት የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ቢሆን፣ ለስላሳም ጣዕም ያለውም ይሆናል። በእሱ ላይ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ስኳር፣ ሦስት ዘይት፣ አንድ ጥቁር አዝሙድና ግማሽ የተፈጨ ድንብላል ጨምሮ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ቀስ እያሉ በማፍሰስ ማቡካት ነው። ተቀባዩ ጾመኛ ከሆነና ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ወተትና ቅቤ ባለመግባቱ ዳቦው ያለ ሥጋት ይበላል። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ ቢለጠፍም ዱቄት መጨመር ሳይሆን 15 ደቂቃ ማሸት ነው የሚያስፈልገው፤ ጀማሪዎች ዳቦውን የሚያደርቁት እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈን ሰዓት ከማመን ሊጡን ማየት ይሻላል፤ እጥፍ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ሲሞላ ደርሷል። ሌሊቱን አሳድረው ጠዋት መጋገር ከፈለጉ እርሾውን ወደ 3 ግራም ይቀንሱ፤ አለዚያ ሲነጋ የሚጠብቅዎ የኮመጠጠና የሟሸሸ ሊጥ ነው።

ሊጡ የሚጠቀለልበት ኮባ፣ ማለትም የእንሰት ቅጠል፣ በእሳት ላይ ለአፍታ ሲያልፍ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ሳይሰነጠቅም ይታጠፋል። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በእስያ ሸቀጥ መደብሮች በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን የሙዝ ቅጠል አቅልጠው መጠቀም ይችላሉ። ቅጠሉን መጋገሪያው ውስጥ ደራርበው ካነጠፉ በኋላ ሊጡን ይገልብጡበት፤ ላዩን በውኃ በረጠበ እጅ አለስልሰው፣ ቅጠል አልብሰው፣ 30 ደቂቃ ያህል ያሳርፉት። በ180 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች የላዩን ቅጠል ማንሳት ቀለም ይሰጠዋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ለሚጋግር ሰው እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ መሀል ላይ መገልበጥ የግድ ነው። ሥሩን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ሣጥን የሚመስል ድምፅ ካሰማ በስሏል።

ትኩስ ዳቦ ላይ ዳንቴሉን ማልበስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እንፋሎቱ ክሩን ያረጥባል፣ ቅርፊቱንም ያላላል። አራት ወይም አምስት ሰዓት ቀዝቅዞ፣ ዘይቱና የኮባው ቀለም ወደ ነጩ ክር እንዳይወጣ በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይሸፈን፤ ዳንቴሉ ከዚያ በላይ ይሁን። የሚሰጡት ሰው ዳንቴል የማያውቅ ከሆነ፣ ሲታጠብ በገመድ ላይ እንዳይሰቀል ይንገሩት፤ የራሱ እርጥበት ስቦ ሞላላ ያደርገዋልና ፎጣ ላይ ተኝቶ ይድረቅ።